ቀይ ነጥብ ያለበት ሣጥን

እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1939 የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም በሩን ዘጋ። ለጎብኚ የተነገረው «ለሦስት ቀን ጥገና አለ» የሚል ነበር። ውስጥ ግን ጥገና የሚባል ነገር የለም። የሙዚየሙ ሠራተኞች፣ የሉቭር ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ላ ሳማሪቴን ከተባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ የመጡ ሰዎች ሥዕል ከግድግዳ ያወርዳሉ፣ ከክፈፉ ያላቅቃሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ሣጥን ውስጥ ያሽጋሉ። ሥራውን የሚመራው ዣክ ዦዣር የሚባል የብሔራዊ ሙዚየሞች ምክትል ዳይሬክተር ነው። ጀርመን ፖላንድን ልትወር የቀራት አንድ ሳምንት ነበር።

ሣጥኖቹ ላይ ባለ ቀለም ነጥብ ይደረጋል። ቢጫው ውድ ለሆነው፣ አረንጓዴው ከዚያ ለሚበልጠው፣ ቀዩ ደግሞ የዓለም ሁሉ ሀብት ነው ለሚባለው። ሞናሊዛ የገባችበት ሣጥን ሦስት ቀይ ነጥብ ነበረበት።

ይህ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ሰው የሚያደንቀው የጉዞውን ድፍረት ነው፤ በካሚዮን ተጭኖ ወደ ገጠር የተሰደደውን ያን ሁሉ ጥበብ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቢጫው ነጥብ ነው። ቢጫ ነጥብ የደረሰው ሥዕል እኮ ተራ ሥዕል አይደለም፤ ሌላ ከተማ ውስጥ ቢሆን የሙዚየሙ ዋና ኩራት ይሆን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲንከባከበው የኖረ ባለሙያ ነው ቀለም ይዞ ፊቱ የቆመውና «አንተ ቆይ፣ ያቺ ትቅደም» ያለው።

እንዲህ ያለ ፍርድ በጭንቅ ሰዓት አይሰጥም። የሉቭር ሰዎችም በዚያች ሳምንት አልነበረም የሰጡት። ከዓመት በፊት፣ በሴፕቴምበር 1938፣ አውሮፓ በቼኮዝሎቫኪያ ጉዳይ ጦር ልትማዘዝ ስትል፣ ሞናሊዛና ሌሎች ምርጥ ሥራዎች ሻምቦር ወደተባለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ተወስደው ነገሩ ሲረግብ ተመልሰዋል። ዦዣር ራሱ በ1939 መጀመሪያ ላይ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ያሰጋቸውን የማድሪዱን ፕራዶ ሙዚየም ሥዕሎች ወደ ጄኔቫ ለማሸሽ በተደረገው ሥራ ተካፍሏል። ስለዚህ ኦገስት 25 ሲደርስ የመምረጡ ጣጣ አልቆ ነበር፤ የቀረው መሸከሙ ነው።

እሳት ሲነሣ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ምድር ሲንቀጠቀጥ «የምወደውን ይዤ እወጣለሁ» የማይል ሰው የለም። ከአደጋ በኋላ ሜዳ ላይ ተከምሮ የሚታየው ዕቃ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። ፍቅር ዕቃን ከቤት ሲያወጣ ብዙ አይታይም። ዕቃ የሚወጣው አስቀድሞ ተራ ሲያዝለት፣ ተሸካሚው ሲታወቅና በበሩ ሲያልፍ ነው።

በጣም የሚናቀው በሩ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1992 ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ እንግሊዝ አገር፣ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት፣ የግል ጸሎት ቤቱ ውስጥ የነበረ ፓውዛ መጋረጃ አቀጣጠለ። እሳቱ ከመቶ በላይ ክፍሎችን ጎዳ። ሠራተኞቹና ወታደሮቹ፣ የንግሥቲቱ ልጅ ልዑል አንድሩ ሳይቀር፣ ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ሰዓቱን፣ መጽሐፉን፣ ሥዕሉን፣ ሸክላውን አወጡ። የኤሌክትሪክ መስመር እድሳት ስለነበረ በርካታ ክፍሎች አስቀድመው ባዶ መሆናቸውም ትልቅ ዕድል ነበር። ከተቃጠሉት ጥቂት ዕቃዎች መካከል ዋናው የዊሊያም ቢቺ ሥዕል ነው፤ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ሠራዊቱን ሲጎበኝ የሚያሳይ ግዙፍ ሥራ። ማንም አልናቀውም። ከግድግዳው አውርዶ ለማውጣት እጅግ ትልቅ ስለነበረ ብቻ ተቃጠለ።

ሉቭርም ከዚሁ ችግር አላመለጠም። የሠዓሊው ዤሪኮ «የሜዱሳ ታንኳ» ቁመቱ ወደ 5፣ ወርዱ ከ7 ሜትር በላይ የሆነ ሸራ ነው። ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር ቤት የመድረክ ገጽታውን በሚያጓጉዝበት ተሳቢ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ቬርሳይ ላይ ከትራም ሽቦ ጋር ተጠላልፎ የከተማውን መብራት አጠፋ። ባለ ክንፏ የሳሞትራስ የድል ሐውልት ደግሞ በእንጨት መንሸራተቻ ከደረጃው ላይ ቀስ እየተባለች የወረደችው ሴፕቴምበር 3፣ ፈረንሳይ ጦርነት ባወጀችበት ዕለት ነበር። ሞናሊዛ በአንጻሩ ከ77 በ53 ሴንቲሜትር የማትበልጥ ጣውላ ናት። በጦርነቱ ዓመታት ከሻምቦር ወደ ሉቪኚ፣ ከዚያ ወደ ሎክ ዲዩ ገዳም፣ ወደ ሞንቶባን፣ ወደ ሞንታል እየዞረች ተርፋለች። ዝናዋ ተራዋን አስቀደመላት፤ ትንሽነቷ ደግሞ መንገዱን ሁሉ አቀለለላት።

ከሁሉ የምወደው የፍሎረንሱን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ወንዙ ዳር የነበረው የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም ዳይሬክተር ማሪያ ሉዊዛ ሪጊኒ ቦኔሊ የጋሊሊዮን ቴሌስኮፕና ሌሎች መሣሪያዎች ታቅፋ፣ በሕንፃው ጠባብ ጠርዝ ላይ እየተራመደች፣ ወደ ጎረቤቱ ኡፊዚ ሙዚየም አሻገረቻቸው። ደጋግማ ተመላለሰች። እዚያ ጠርዝ ላይ ሲኮን የዕቃ ዋጋ የሚለካው በክብደቱም ጭምር ነው፤ ሁለት እጅ የማይችለው ሁሉ ከታች ቀርቶ ናፍታ የተቀላቀለበት ጭቃ ጠበቀው። እዚያው ከተማ ሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን የነበረው የሠዓሊው ቺማቡዌ ስቅለት፣ ቁመቱ ከ4 ሜትር የሚያልፍ የእንጨት መስቀል፣ ከነበረበት ሊነቃነቅ አልቻለም። ከሥዕሉ ቀለም ውስጥ ከግማሽ በላይ ውሃው ይዞት ሄደ።

ወደ ቤታችን ስንመለስም ያው ነው። ከሶፋው በላይ የተሰቀለው፣ ክፈፉ በር የሚያህለው የሠርግ ፎቶ፣ ቤት ሲቃጠል ከሚቀሩት አንዱ ነው። የዚያው ፎቶ ትንሽ ቅጂ ፖስታ ውስጥ ካለ ግን ይወጣል። እናቶቻችን የሚሳሱለት ቡፌም፣ ከነሙሉ ብርጭቆው፣ ሳሎን ውስጥ ቆሞ የሚመጣውን ይቀበላል።

የበር ችግር የሌለባቸው ሰዎች መኖራቸውን ሳልጠቅስ አላልፍም። የአፋር አርብቶ አደር ቤት፣ ዳቦይታ፣ ከቆልማማ እንጨትና ከሰሌን ይሠራል፤ ሴቶች ይተክሉታል፣ ሴቶች ይነቅሉታል፣ ግመል ይጫነዋል። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ዕቃ ግመሉ የሚችለውን ያህል ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው ዕቃው ወደ ቤት ሲገባ እንጂ ቤቱ ሲናወጥ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ርዕደ መሬቱ ሲደጋገም መንግሥት ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን ከስጋቱ ቀጣና ለማራቅ ተነሥቶ ነበር። ከነዚህ መካከል ቤቱን ጠቅልሎ መጫን ለሚያውቀውና የብሎኬት ቤትና ማቀዝቀዣ ላለው ሰው «ምን ልያዝ» የሚለው ጥያቄ እኩል አይከብድም።

አሁን ወደ ተሸካሚው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2019 አመሻሽ ላይ ፓሪስ ውስጥ የኖትርዳም ካቴድራል ጣሪያ ተያያዘ። ደወሉ የተሰማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ጠባቂው ወደ ተሳሳተ ጣሪያ ተልኮ እሳቱ በዓይን እስኪታይ ግማሽ ሰዓት ያህል ባከነ። ደወሉ ከተሰማ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሹል ማማው ወደቀ። ካቴድራሉ ውስጥ ምን መቅደም እንዳለበት ያጠራጠረው አልነበረም፤ ክርስቶስ የደፋው ነው ተብሎ የሚታመነው የእሾህ አክሊል ነው። ችግሩ አክሊሉ ካዝና ውስጥ መሆኑ ነበር። የፓሪስ እሳት አደጋ ብርጌድ ቄስ የሆኑት አባ ዣን ማርክ ፉርኒዬ በኋላ እንደተናገሩት፣ ያስቸገረው የካዝናውን ኮድ የሚያውቀውን ሰው ማግኘቱ ነው። ዝርዝሩ አለ፣ ደፋሩ ሰው አለ፣ መንገዱም ገና ክፍት ነው፤ ኮዱ ግን ሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እንደ ዕድል ተገኘና አክሊሉ ወጣ። ማማው ላይ የነበሩት 16 የመዳብ ሐውልቶችም ለእድሳት ተብሎ በክሬን የወረዱት ከእሳቱ አራት ቀን አስቀድሞ ነበር። ሰው ሲያቅድ አንዳንዴ ዕድልም ትከተለዋለች፤ ዕድልን ብቻ ማቀድ ግን አይቻልም።

ስንት ቤት ውስጥ ነው የይዞታ ካርታውን ቦታ አባት ብቻ የሚያውቁት? የሣጥኑ ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ለቅሶ ሄደዋል። ልጆቹ ሣጥኑን መስበር ይችሉ ይሆናል፤ ግን ሣጥኑ የትኛው ነው? ሌባን የሚያስቸግር መደበቂያ ባለቤቱንም በዚያው መጠን እንደሚያስቸግር ሰው የሚገባው ጭሱ ሲመጣ ነው።

ይህን ሥርዓት ከፈረንሳይ ብቻ መማር የለብንም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እሳት ቢነሣ ቀድሞ የሚወጣው ታቦቱ መሆኑን ሕፃኑም ያውቃል። ማን እንደሚያወጣውም የታወቀ ነው፤ ሥልጣነ ክህነት የሌለው አይነካውም፣ ካህኑም እስኪመረጥ አይጠብቅም። ወዴት የሚለውም ቢሆን መልስ ነበረው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ጊዜ የብዙ አድባራት ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ ዋሻና ወደ ጣና ደሴቶች ሸሽተዋል። ደሴቱ የተገኘው በዕለቱ ተፈልጎ አይደለም፤ ገዳማት ቀድመው ነበሩበት፣ ታንኳም ነበረ፣ ቀዛፊም ነበረ።

ተራም ሆነ ተሸካሚ ያልተወሰነለት ቤት ግን እጅ ላይ ይወድቃል። እጅ ደግሞ የቀረበውን ይይዛል። በአሜሪካ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ከመንትዮቹ ሕንፃዎች የተረፉ ሰዎች ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ወደ ደረጃው ከመሄዳቸው በፊት ቦርሳቸውን ሲሰበስቡ፣ ስልክ ሲደውሉ፣ ኮምፒዩተራቸውን ሲያጠፉ እንደነበር ተናግረዋል። ይህ ጅልነት አይደለም። አእምሮ አደጋን ወዲያው አያምንም፤ እስኪያምን ድረስ የለመደውን ይሠራል። የለመደው ደግሞ ከቢሮ ሲወጡ ዕቃ መሰብሰብ ነው። ሰው ከሚቃጠል ቤት ቴሌቪዥን ተሸክሞ ወጥቶ የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት የሚረሳውም ለዚሁ ነው። ቴሌቪዥኑ ዓይኑ ፊት ነበር።

የነጋዴ ነገር ግን ይለያል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ጣቃ ተሸክሞ የሮጠው ሰው ትዝታ አልነበረም የሚያድነው፤ የዕቁቡን፣ የብድሩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። «ዕቃ ይተካል» የሚለውን ምክር ለሱ መንገር ይቀላል፤ ማን እንደሚተካለት መንገር ነው የሚከብደው። ኢንሹራንስ የሌለው ሱቅ ፊት የቆመን ሰው በስስት መውቀስ ለኔ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። መንገድ መዝጋቱ ግን የሌላውን ነፍስ እንደሚያስከፍል እሱም ያውቃል።

ምንም የማይያዝበት ቦታ አውሮፕላን ነው። አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ፣ ከበሮቹ ግማሹ ብቻ እየሠሩ፣ በ90 ሰከንድ ውስጥ ባዶ መሆን እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። ያ ስሌት ከላይኛው መደርደሪያ ሻንጣ ሊያወርድ መተላለፊያ የሚዘጋን ሰው አይጨምርም። በእውነተኛው አደጋ ያ ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2016፣ 300 ሰው የያዘው የኤምሬትስ በረራ 521 ዱባይ ላይ በሆዱ ተንሸራትቶ ሲጨስ ውስጡ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ መንገደኞች ሻንጣ ሲጎትቱና «ተዉት!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ያሳያል። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ተረፉ። እሳቱን ለማጥፋት የመጣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ፍንዳታው ገደለው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ፣ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሆነውን ደግሞ እንይ። የጃፓን አየር መንገድ በረራ 516 ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ፤ በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም ወጡ። አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ይህ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ አደጋ ብቻ 520 ሰው ያለቀበት ነው፤ የዚያን አውሮፕላን ስብርባሪ ሠራተኞቹ እያዩ የሚማሩበት ማዕከልም አለው። ሃኔዳ ላይ ጭነት ክፍል የነበሩ ሁለት የቤት እንስሳት ግን አልተረፉም። በጃፓን ከዚያ በኋላ «እንስሳ ዕቃ ነው ወይ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩን ከንቱ የሚለው ሰው ውሻ አሳድጎ የማያውቅ ይመስለኛል፤ ቢሆንም መልሱ ያው ነው፤ መተላለፊያው ለሰው ነው።

ከቤይሩት ወይም ከሪያድ የዓመታት ልፋቷን ይዛ ለምትመለስ እህት ይህ ምን ማለት ነው? ፓስፖርቷና ወርቋ በእጅ ሻንጣዋ ገብተው ከራሷ በላይ ተቆልፈዋል። ሻንጣውን ተይ ስትባል ሕይወቷን ተይ የተባለች ያህል ነው የሚሰማት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ወርቅ ሰውነት ላይ፣ በትንሽ የወገብ ቦርሳ ወይም በልብስ ኪስ ይሁኑ። ያን ጊዜ ሻንጣው ጨርቅ ብቻ ይሆናል።

ከአገራችን ሰማይ የተነሣውና ሻንጣ አልባው ትልቁ ጉዞ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. የተደረገው ዘመቻ ሰለሞን ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከወጡ ገና ሦስት ቀናቸው ነው፤ የኢሕአዴግ ሠራዊት ወደ አዲስ አበባ ተጠግቷል። በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ብዙ ሰው እንዲጫን ከአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ አንዱ ቦይንግ 747 ብቻውን ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይዞ በረረ። ጓዝ አልተፈቀደም። ብዙዎቹ የለበሱትን ነጭ ልብስና ጥቂት የማብሰያ ዕቃ ብቻ ይዘው ነው የወረዱት። ፓሪስ ውስጥ ነጥቡ ሣጥን ላይ ነበር፤ እዚህ ቤተሰብ እንዳይለያይ ቁጥር ሰዎቹ ግንባር ላይ ተለጠፈ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን እነዚህ ሰዎች ያን ዕለት የተዉት ሁለተኛውን ቤታቸውን መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር መጥተው እስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ተጠግተው ለወራት ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው። ሞፈሩን፣ ከብቱን፣ የሸክላ ሥራውን፣ የወላጅ መቃብሩን ያኔ ትተዋል። አዲስ አበባ የቀረው ከመጀመሪያው ምርጫ የተረፈው ነው። ስደት እንዲህ ደረጃ በደረጃ ያራቁታል። መጀመሪያ ከባዱን፣ ቀጥሎ ቀላሉን፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሰው የሚያውቀውና የለበሰው ነው።

የሚነድ ደን አጠገብ ለሚኖሩት ለካሊፎርኒያ ነዋሪዎች የግዛቲቱ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ያወጣው አጭር ዝርዝር አለ፤ ሰውና የቤት እንስሳ፣ ሰነድ፣ መድኃኒትና መነጽር፣ ፎቶና ምትክ የሌለው መታሰቢያ፣ የኮምፒዩተር መረጃ፣ የባንክ ካርድና ጥሬ ገንዘብ። የመነጽሩ መግባት ያስደስተኛል፤ ይህን ዝርዝር የጻፈው ሰው ከመጠለያ የደረሰ፣ ቅጽ ተሰጥቶት ማንበብ ያቃተው ሽማግሌ አይቶ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 በዚያው ግዛት ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ያጠፋው እሳት 85 ሰው ገድሏል። እንዲህ ባለ ፍጥነት ፊት ዝርዝሩ የሚጠቅመው ዕቃው አስቀድሞ አንድ ቦታ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ላይ በኦክቶበር 1991 በተነሣ ሌላ እሳት ደራሲዋ ማክሲን ሆንግ ኪንግስተን ስትጽፈው የነበረውን ልብ ወለድ አጣች። ከአባቷ የቀብር ሥርዓት ስትመለስ ነው ቤቷ አመድ ሆኖ ያገኘችው። መጽሐፉን እንደ አዲስ ጀምራ እ.ኤ.አ. በ2003 ሌላ ሥራ አድርጋ አሳተመችው። ያን ዕለት ቤት ብትኖር ረቂቁን ይዛ ትወጣ ይሆናል። ግን ቤት አልነበረችም። ቤት አለመኖርን የሚመክት አንድ ነገር ቢኖር ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልስጥ። ሰው ሁሉ ካርታና ዲግሪ መቅደም አለባቸው ይላል። ይቅደሙ፤ ቀላል ናቸው፣ አንድ ፖስታ ይበቃቸዋል፣ መጥፋታቸውም ወራት ያስመላልሳል። በጋዜጣ ላይ «ካርታው ስለጠፋ ምትክ እንዲሰጥ ተጠይቋል» የሚል ማስታወቂያ ያወጣ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ግን እነዚህ ሁሉ ሌላ ቦታ ላይ ፋይል አላቸው። ፋይል የሌለው የአያት ፎቶ ነው፤ ከአሜሪካ ወይም ከጅዳ በካሴት ተቀርጾ የመጣ የእህት ድምፅ ነው፤ ባዶ ገጹ ላይ የልጆች ልደት የተመዘገበበት የብራና ዳዊት ነው። ፎቶው በስልክ ይነሣ፣ ካሴቱ ይገልበጥ፣ በቴሌግራም ለዘመድ ይላክ። ብራናው ግን በስልክ ቢነሣም ብራናው ራሱ አይተካም፤ ቀይ ነጥብ የሚገባው ለሱ ነው። ደግነቱ ትንሽ ነው፤ በበሩ ያልፋል።

እንዲህ ያለ ዝርዝር አቅርቦ ከቤተሰብ ጋር መቀመጥ ግን እኛ አገር ሌላ እንቅፋት አለው።

«እማዬ፣ እሳት ቢነሣ መጀመሪያ ምን ታወጪያለሽ?»

«ኧረ አፍህን ለመልካም ክፈት! ምን ያሟርትብኛል ይሄ ልጅ!»

ጨዋታው እዚህ ያበቃል። ሟርት የሚፈራ ሰው ስለ እሳት አይወያይም። ስለዚህ ስለ እሳት አለመጠየቅ ነው። ቡና ሲፈላ አልበሙን አውርዶ «እማዬ፣ ይሄ ባለ ጎፈሬው ማነው?» ማለት ይበቃል። እናት የአንዱን ፎቶ ታሪክ በአንድ ቃል ጨርሰው ያልፉታል፤ ሌላው ላይ ሲደርሱ ሁለተኛው ቡና ይቀዳል፣ ሦስተኛውም ይቀዳል። የትኛው ምን ዓይነት ነጥብ እንደሚገባው ራሳቸው ነገሩን ማለት ነው። ስሙን ከጀርባው በእርሳስ መጻፍ ከዚያው ጋር ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ፎቶ ከእሳት ቢተርፍም ሁለተኛ ትውልድ አይሻገርም።

ሳይወጣ ለቀረው፣ በተለይ ውሃ ለገባበት፣ ጥቂት ልጨምር። የፍሎረንሱ ጎርፍ የቅርስ እንክብካቤ ባለሙያዎችን ብዙ አስተምሯል፤ ውሃ የነካ ነገር ሁሉ ወዲያው ተስፋ አይቆረጥበትም። የተጣበቁ ፎቶዎችን በጉልበት ማላቀቅ ምስሉን ይገፈዋል፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ራሳቸው እስኪለያዩ መጠበቅ ይሻላል። ጭቃውን በዚያው ውሃ አለቅልቆ፣ ምስሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጎ ንጹሕ ወረቀት ላይ ማስጣት ነው። መስታወት ባለው ክፈፍ ውስጥ ያለ ፎቶ ሳይደርቅ መውጣት አለበት፤ ደርቆ መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል ሁሉንም ለማድረቅ ጊዜ ከሌለ በፌስታል አድርጎ፣ በመሐላቸው የማይጣበቅ ሰም ቅብ ወረቀት አስገብቶ፣ የጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ቤቱ ተጠርጎ፣ ግድግዳው ደርቆ፣ ሰው ፋታ እስኪያገኝ ፎቶዎቹ እዚያ ይቆያሉ።